በመብራት ኮንሶል ላይ የፕሪሴት አዘገጃጀት

ፕሪሴት አንድ የመብራት ቀለም፣ አቅጣጫ ወይም የጨረር ቅርጽ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ ስም ተሰጥቶት በኮንሶሉ (በመብራት መቆጣጠሪያው ሰሌዳ) ውስጥ የሚቀመጥበትና በፈለጉት ትዕይንት የሚጠራበት መዝገብ ነው። አጠራሩ ከኮንሶል ኮንሶል ይለያያል፤ ግራንድ ኤምኤ ፕሪሴት የሚለውን ሆግና አቮላይትስ ፓሌት ይሉታል፣ ኢኦስ ደግሞ በሁለቱም ስሞች ይጠቀማል።

የፕሪሴት ተፈላጊነት ከተንቀሳቃሽ መብራቶች ጋር አብሮ አደገ። ቫሪ ላይት የተባለው ተንቀሳቃሽ መብራት በ1981 እ.ኤ.አ. በጄኔሲስ ባንድ የኮንሰርት ጉዞ ላይ ብቅ እስኪል ድረስ ኮንሶል በአመዛኙ የሚቆጣጠረው የብርሃንን መጠን ብቻ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲኤምኤክስ 512፣ ኮንሶል ከመብራቶች ጋር የሚገናኝበት ደንብ፣ በአንድ መስመር 512 ቻናሎችን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ቻናል የመብራትን አንድ ባሕርይ የሚያዝ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይቀበላል። ዛሬ አንድ ሙቪንግ ሄድ (ጨረሩን በትእዛዝ የሚያዞር መብራት) ብቻውን ከ20 በላይ ቻናል መውሰዱ የተለመደ ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ቁጥር ለየትዕይንቱ እንደ አዲስ ማስገባት የማይታሰብ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች ግን ፕሪሴትን እንደ አቋራጭ መንገድ ብቻ ያዩታል። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ በፕሪሴት የተሠራ ኪው (ተመዝግቦ በተራው የሚጠራ የመብራት ትዕይንት) የሚመዘግበው ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩ የተቀመጠበትን ፕሪሴት ነው። በጉዞ ላይ ያለ ኮንሰርት አዲስ አዳራሽ ገብቶ የመብራት መስቀያው (ትራሱ) ከትናንቱ አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ ተሰቀለ እንበል፤ «ዘፋኝ መሃል» የተባለው ፖዚሽን (የአቅጣጫ ፕሪሴት) ሲጠራ ጨረሮቹ ሁሉ ዘፋኙ ከሚቆምበት ቦታ ስተው ያርፋሉ። ባለሙያው መብራቶቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መልሶ ፕሪሴቱን አፕዴት ሲያደርግ፣ በዚያ ፖዚሽን የተሠሩ ኪዎች በሙሉ፣ መቶም ይሁኑ ሁለት መቶ፣ አብረው ይስተካከላሉ። ከኪዎቹ መካከል አንዱ በቀጥታ በቁጥር ተሠርቶ ከሆነ ግን ባለበት ይቀራል፤ ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ለአንድ ትዕይንት ብቻ የሚያገለግል ፖዚሽንም ቢሆን በፕሪሴት ቢያዝ ይሻላል።

ቀለም ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ኤልኢዲ የሚቀላቅል መብራትና ከነጭ ብርሃን ቀለማትን በማጣሪያ የሚቀንስ መብራት አንድ ዓይነት ብርቱካናማ እንዲሰጡ የሚያስፈልጋቸው ቁጥር ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን በዓይን አመሳስሎ በአንድ ስም ማስቀመጥ ይገባል። ግራንድ ኤምኤ 2 ላይ ሴሌክቲቭ ፕሪሴት ለተመረጡት መብራቶች ብቻ፣ ግሎባል ለአንድ ዓይነት መብራቶች ሁሉ፣ ዩኒቨርሳል ደግሞ ያ ባሕርይ ላለው ማንኛውም መብራት ያገለግላል። ፖዚሽን አብዛኛውን ጊዜ ሴሌክቲቭ ይሆናል፣ ምክንያቱም ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት መብራቶች እንኳ አንድ ነጥብ ላይ የሚያርፉት በተለያየ ፓንና ቲልት (የግራ ቀኝና የላይ ታች መዞር) ነው።

ቀለምና ጎቦ (ለጨረሩ ቅርጽ የሚሰጠው ሳህን) አስቀድሞ በኮምፒውተር ቪዥዋላይዘር (መድረኩንና መብራቶቹን በስክሪን በሚያሳይ ፕሮግራም) ሊዘጋጁ ይችላሉ፤ ፖዚሽንም በዚያው ሊጀመር ይችላል፣ የመጨረሻው ልኩ ግን መብራቶቹ ከተሰቀሉ በኋላ፣ ሰው መድረኩ ላይ ቆሞ ይወሰናል።