ጂፕሶፊላ «ጀሶ ወዳድ» ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ሱሉልታ አንድ ግቢ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። በአጭሩ ጂፕሶ የምንለው የዚህ አበባ 30 ያህል ችግኝ አንገቱ በስብሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። መደቡ ላይ ነጭ ቅርፊት ደርቋል። የግቢው እመቤት «ጀሶ ይወዳል ብለውኝ ግማሽ ኩንታል በተንኩበት» አሉኝ፣ እያዘኑ። እኔም አዘንኩ፤ ይህን ምክር ሰምቶ ችግኙን ያጣ ሰው ሲገጥመኝ በዚህ ዓመት አራተኛዬ ነውና።

ስሙ ሐሰት አይደለም። በግሪክኛ ጂፕሶስ ጀሶ ነው፣ ፊሎስ ወዳጅ። እኛ ከጣሊያንኛ የወሰድነው «ጀሶ» የሚለው ቃል ራሱ ዘሩ ሲቆጠር እዚያው ግሪኩ ቃል ላይ ይደርሳል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ስሙን ሲመዘግብ ግን ስለ መኖሪያ ነበር የሚያወራው። ከወገኑ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ስፔን ውስጥ ያሉት፣ በእርግጥም ጀሶ ባለበት መሬት ላይ ይበቅላሉ። በሠርግ እቅፍ ውስጥ ጽጌረዳውን የሚከበው የእኛው ጂፕሶ የትውልድ አገሩ ከምሥራቅ አውሮፓ እስከ መካከለኛው እስያ የተዘረጋው ደረቅ፣ አሸዋማና ድንጋያማ ሜዳ ነው።

«ስሙ ራሱ እየነገረህ ምን ትከራከራለህ?» ያለኝ ሰው አለ። አንድን ዘመድ «ቆለኛ» ብንለው ቆላን ይበላል ማለታችን ነው? ሐምሌ ላይ እንጦጦ ሥር ካለው ቤታችን ቢመጣ፣ ከአገሩ አንድ ጆንያ አሸዋ አስመጥተን መኝታው ላይ አንዘረግፍለትም። ደረቅ መደብ እንሰጠዋለን፣ ጣሪያው እንዳያፈስበት እናያለን፣ እግሩ ውሃ ውስጥ እንዳያድር እንጠብቃለን። በውሃ የራሰ ወለል ላይ አስተኝተነው አሸዋውን ብንቆልልበት ያው ይታመማል። ጂፕሶም እንደዚሁ ነው። የናፈቀው ድርቀቱንና የሥሩን አየር ነው። ሥሩ እንደ ካሮት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ከቆመበት ፋይቶፍቶራ የሚባለው በሽታ አንገቱን ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒት አይመልሰውም።

ሁለተኛው መደባለቅ ጀሶና ኖራን አንድ ማድረግ ነው። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ አሲዳማ አፈርን አያስተካክልም። ያን የሚሠራው ኖራ ነው። የግድግዳ ጀሶ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል፣ ያ ነጭ ቅርፊትም እሱ ነው። ጂፕሰም፣ ማለትም ጥሬው ጀሶ፣ ከእርሻ ጨርሶ አይገባም አላልኩም። እንደ አዋሽ ሸለቆ ሶዲየም በበዛበት መሬት ዋነኛው ማከሚያ እሱ ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ችግር ግን ያ አይደለም።

ኖራም ቢሆን ለሁሉም አይሆንም። በሆለታና በመናገሻ በኩል ያለው ቀይ አፈር በአብዛኛው አሲዳማ ስለሆነ የግብርና ኖራ ይጠቅመዋል። መጠኑን የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው። ኖራው ከበዛ በአፈሩ ያለው ብረት ለሥሩ አልገኝ ይልና ለጋው ቅጠል ይቢጫል። ለግንባታ የተቃጠለው ኖራ ደግሞ ሥርም እጅም ያቃጥላል። ወደ አቃቂና ዱከም ስንወርድ ያለው ዋልካ አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ አይደለም፣ ኖራ መጨመር ገንዘብ መጣል ነው። እዚያ የሚገድለው ውሃው ነው። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ከተማ አካባቢ ገበሬዎች ዋልካቸው ላይ ስንዴና ባቄላ ሲዘሩ አፈሩን በእጃቸው እያቀፉ ከፍ ያለ መደብና ቦይ የሚሠሩት ለዚሁ ነው። ለጂፕሶም ያው ነው፤ መደቡን ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ፣ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር መቀላቀል፣ ቦዩ የት እንደሚፈስ ከመትከል በፊት ማየት። ተከላው ዝናቡ ሲቆም፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይሁን። ሥሩ መነካካት ስለማይወድ ከተተከለ በኋላ ቦታውን አትቀይሩበት።

አንድ ነገር ግን አለ፣ የቆለኛው ምሳሌ የማይደርስበት። ሁሉን አሟልታችሁም ጂፕሶው መሬት ላይ ተነጥፎ ቅጠል ብቻ ሊሆን ይችላል። ለማበብ ረጅም ቀን ይፈልጋል፣ በብዙ ዝርያዎች ከ13 ሰዓት በላይ ብርሃን። የአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። የአበባ እርሻዎች ማታ ማታ ከማሳው በላይ አምፖል የሚያበሩት ለዚህ ነው። አዳዲሶቹ ዝርያዎች በብርሃኑ ያን ያህል አይጨነቁም፤ ችግኝ ስትገዙ ከጀሶው ይልቅ ዝርያውን ጠይቁ። የድሮው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከመደቡ በላይ አንድ አምፖል ሰቅላችሁ ከመሸ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት አብሩለት።