ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ፦ ስለ አሰሳና ስለ ተጫዋች ነፃነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» እ.ኤ.አ. በ2017 ለኒንቴንዶ ስዊችና ለዊ ዩ የወጣ ጌም ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሊንክ ከመቶ ዓመት እንቅልፍ ነቅቶ ሃይሩል በምትባል የፈራረሰች አገር ውስጥ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ስለዚህ ነፃነት ብዙ ይወራል፣ የሚወራው ግን ግማሹ ስሕተት ነው። ስሕተቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። አንዱ ገና በሁለተኛው ሰዓት ተበሳጭቶ ይተወዋል፤ ሌላው መቶ ሰዓት ተጫውቶም ጌሙ የተሠራበትን ነገር ሳያየው ይቀራል።

«ነፃነት ካለ መጀመሪያ ላይ ለምን ይዘጉብኛል?»

ጌሙ የሚጀምረው ግሬት ፕላቶ በሚባል፣ ዙሪያውን ገደል በሆነ አምባ ላይ ነው። እዚያ ያሉትን አራት ሽራይኖች፣ ማለትም ትንንሽ የፈተና ቤቶች፣ ጨርሶ ፓራግላይደር፣ ማለትም ከከፍታ የሚያንሳፍፍ ጨርቅ፣ ያልተቀበለ ተጫዋች መውረድ አይችልም። ዘልሎ ልሞክር ቢል ይሞታል። ብዙዎች ይህን የመለማመጃ እስር ቤት አድርገው ያዩታል።

አምባው ግን የመላው ጌም ናሙና ነው። አራቱ ሽራይኖች በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል ይሠራሉ። የሚሰጧችሁ አራት ችሎታዎች ብረት የሚስብ ማግኔት፣ የማያልቅ ቦምብ፣ ነገሮችን ለጥቂት ሰከንድ ባሉበት የሚያቆም ስቴሲስ እና ከውኃ ላይ የበረዶ ዓምድ የሚያነሣ ክራዮኒስ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና ከሞላ ጎደል በእነዚህ ይፈታል። በሌሎች የዜልዳ ጌሞች የተለመደው «ይህን ዕቃ ሳታገኝ በዚህ በር አታልፍም» የሚባለው ነገር እዚህ እምብዛም የለም።

ከአራቱ ሁለቱ ብርድ በሚበረታበት ተራራ ላይ ናቸው። ያለ መከላከያ የቆመ ሰው ልቦቹ (የጤናው መለኪያ) አንድ በአንድ እየጠፉ ይሞታል። ታዲያ መፍትሔው ስንት ነው? አምባው ላይ ቀይ ቃሪያ ይበቅላል፤ አምስቱን በአንድ ድስት ብታበስሉ ለ12 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ብርዱን ትችላላችሁ። የተለኮሰ ችቦ በእጅ መያዝም ያሞቃል፣ ነገር ግን ገደል ለመውጣት ችቦውን ወደ ጀርባ ስትመልሱት ይጠፋል፤ ውኃ ውስጥ ከገባችሁም እንዲሁ። አምባው ላይ የሚኖረው ሽማግሌ የረሳውን የምግብ አሠራር (ቃሪያ፣ ሥጋና ዓሣ ነው) ሠርታችሁ ብትሰጡት ሙቅ ልብስ ይሰጣችኋል። ምግብ እየበሉ በሩጫ ማለፍም ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድስቱ ላይ ነው፦ ብርድ የሚከላከለውን ቃሪያ ሌላ ዓይነት ጥቅም ካለው ቅመም ጋር ሲቀላቅሉት ሁለቱም ጥቅሞች ይጠፋሉ፣ የሚተርፈው ልብ የሚሞላ ተራ ምግብ ብቻ ነው።

«ሰፊ ሜዳ ዘርግተው ነገሮችን በዘፈቀደ በትነውበታል»

ይህ ከሁሉም የራቀ ስሕተት ነው። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ጃፓን ውስጥ በተካሄደው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ የመልክዓ ምድሩን ዋና ሐሳብ ሲያብራሩ ያነሡት ሦስት ማዕዘንን ነው። መጀመሪያ ላይ ጌሙን የሞከሩት ሰዎች ካርታ ከሚከፍት አንድ ማማ ወደ ሌላው እየተመሩ እንደሆነ ተሰምቷቸው ነበር። ስለዚህ መሬቱን በሦስት ማዕዘን ቅርጾች፣ ማለትም በኮረብታና በተራራ፣ ሞሉት። ሦስት ማዕዘን ፊት ለፊት ሲቆም ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ልውጣው ወይስ ልዙረው የሚል ምርጫ ያቀርባል፣ ከኋላው ያለውን ደግሞ ይሸፍናል። ስትዞሩት የተሸፈነው ቀስ በቀስ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ዓይን አዲስ ነገር ያገኝና እግር ወደዚያ ይዞራል።

መጠኑም ሦስት ነው። ትልቁ እንደ ዴዝ ማውንቴን ከሩቅ የሚታይ ምልክት ነው። መካከለኛው ዕይታን ይጋርዳል። ትንሹ፣ ቋጥኝ ወይም ጉብታ፣ የሩጫውን ስልት ይሰብራል። ይህን ለማየት ፈረስ ላይ ሆናችሁ መንገዱን ብቻ ተከትላችሁ አሥር ደቂቃ ሂዱ፤ ከዚያ ያንኑ ርቀት በእግር፣ ከመንገዱ ወጥታችሁ ሂዱ። ሁለተኛው ላይ ስንት ጊዜ አቅጣጫ እንደቀየራችሁ ቁጠሩ። ያ ሁሉ የተሠራ ነው። ጥሩ ኦፕን ወርልድ (ተጫዋቹ በነፃነት የሚዞርበት ዓለም) የሚባለው ይህ ነው፤ የካርታ ስፋት ብቻውን ምንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የመጀመሪያው ዜልዳ ከዋሻዎቹ ውጭ ያለው ዓለሙ 128 ስክሪን ብቻ ነበር፣ ሰው ግን ለወራት አስሶታል።

«ማማ ላይ ከወጣሁ አካባቢውን አውቄዋለሁ»

በሌሎች ኦፕን ወርልድ ጌሞች ማማ ማለት ካርታውን በምልክት የሚሞላ ማሽን ነው። እዚህ ያሉት 15 ማማዎች ግን የሚሰጡት የመሬቱን ቅርጽ ብቻ ነው። ሽራይን አያሳዩም፣ የተደበቀ ነገርም አይጠቁሙም። ምልክት የሚያደርገው ተጫዋቹ ራሱ ነው፦ ማማው ጫፍ ላይ ቆማችሁ የቀኙን ስቲክ ተጫኑት፣ በመነጽሩ ዙሪያውን ቃኙ። ያልተሠራ ሽራይን በብርቱካናማ ያበራል፣ የተጨረሰው ሰማያዊ ይሆናል። በመነጽሩ እስከ አምስት ባለ ቀለም ምልክት መትከል ይቻላል፤ ካርታው ላይ ደግሞ እስከ 100 ማኅተም መምታት። አምስቱን ቶሎ አትጨርሷቸው፤ ሁለት ወይም ሦስት በቂ ነው፣ ምክንያቱም ወደ መጀመሪያው ሳትደርሱ ሌላ ነገር መንገድ ላይ ይይዛችኋል።

ካርታው ዓይናችሁን እየሰረቀ ከሆነ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የስክሪኑን ማሳያ ወደ ፕሮ ቀይሩት። ትንሹ ካርታ፣ የሙቀት መለኪያውና የድምፅ መለኪያው ይጠፋሉ፣ ልቦቹ ይቀራሉ። ጌሙ በአማርኛ አልተተረጎመም፤ ለአሰሳው ግን ንባብ ብዙም አያስፈልግም፣ የሚነገረው አብዛኛው ነገር በዓይን የሚታይ ነውና።

«የመውጫ ልብስ ከለበስኩ ዝናብ አያንሸራትተኝም»

ያንሸራትታል። ሦስቱ የመውጫ ልብሶች፣ የራሱ ማሰሪያ፣ ሸሚዙና ጫማው፣ የሚጨምሩት ፍጥነት ነው። ሦስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ካሳደጋችኋቸው በገደል ላይ ስትዘሉ የሚጠፋው ጉልበት ይቀንሳል። ከዝናብ ጋር ግን ምንም ግንኙነት የላቸውም።

ዝናብ ሲመጣ የሚሠሩት መንገዶች ሌሎች ናቸው። አንደኛው እርምጃ መቁጠር ነው፦ ሊንክ ጥቂት ጊዜ ከተራመደ በኋላ ይንሸራተታል፤ ከአራተኛው እርምጃ በኋላ ወደ ላይ ዝለሉ፣ ይንሸራተታል ግን በትርፍ ትቀራላችሁ። ጉልበት ይበላል፤ አጭር ገደል ላይ እንጂ ረጅም ላይ አይሞከርም። ሁለተኛው መጠለል ነው፦ ከላዩ ድንጋይ የተንጠለጠለበት ደረቅ ቦታ ፈልጋችሁ አንድ እስር እንጨትና አንድ ባልጩት ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ባልጩቱን በብረት መሣሪያ ምቱት። እሳቱ አጠገብ ተቀምጣችሁ እስከ ጠዋት፣ እስከ ቀትር ወይም እስከ ማታ መጠበቅ ትችላላችሁ። ሦስተኛው ከመነሻው አስቀድሞ ማየት ነው፤ ከትንሹ ካርታ አጠገብ የሚመጡት ሰዓታት የአየር ሁኔታ ተደርድሮ ይታያል።

ዝናቡ መብረቅ ካለው የብረት ሰይፍ፣ ጋሻና ቀስት አውልቁ። ብረቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ከጀመረ መብረቁ ሊወርድ ነው። ያንኑ ብረት ጠላቶች መሀል ብትወረውሩት መብረቁ እነሱ ላይ ይወድቃል። ዝናቡ ነፃነት ነሣኝ የሚል ሰው ይህን አንድ ጊዜ ቢያየው ሐሳቡን ይቀይራል ብለን እናምናለን።

«መሣሪያ መሰበሩ አሰሳን ይቀጣል»

ሰይፍ ባይሰበር ኖሮ አንድ ጠንካራ ሰይፍ ካገኛችሁ በኋላ የሚገኝ ሣጥን ሁሉ ትርጉም ያጣ ነበር። መሰበሩ ነው ሌላ ሠፈር፣ ሌላ ዋሻ እንድትፈልጉ የሚያደርጋችሁ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አያያዝ ላይ ነው። ለደካማ ጠላት ደካማ መሣሪያ ተጠቀሙ። ማዕድን ያለበትን ቋጥኝ በሰይፍ አትምቱ፣ ቦምብ ነፃ ነው። «ሊሰበር ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ አትደብቁት፣ ወርውሩት፤ የሚሰብረው ምት እጥፍ ይጎዳል። የዛገ መሣሪያ ካገኛችሁ ድንጋያማ ቦታ ላይ የሚኖረው ኦክቶሮክ የተባለ ጠላት አየር ሲስብ ፊቱ ጣሉለት፣ አድሶ ይተፋዋል።

ያነሣችሁት መሣሪያም ለዘላለም አልጠፋም። በጌሙ አንድ ሰዓት በእኛ አንድ ደቂቃ ነው፤ ሰባት የጌም ቀን፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ጨዋታ፣ ሲሞላ በእኩለ ሌሊት ቀይ ጨረቃ ይወጣል፣ ሜዳ ላይ የነበሩ ጠላቶችና መሣሪያዎች ይመለሳሉ።

«ልብ በጨመርኩ ቁጥር ጠላት ይጠነክርብኛል»

አይደለም። የጌሙን ፋይሎች የፈተሹ ሰዎች እንዳሳዩት ጌሙ የሚቆጥረው የገደላችሁትን ጠላት ነው። እያንዳንዱ የጠላት ዓይነት ድብቅ ነጥብ አለው፣ ነጥቡም የሚመዘገበው ለመጀመሪያዎቹ አሥር ግድያዎች ብቻ ነው። ነጥቡ ሲጠራቀም ቀዩ ቦኮብሊን (ተራ ጠላት) በሰማያዊ፣ ቀጥሎ በጥቁር፣ በመጨረሻም በብርማው ይተካል። የሚገኙት መሣሪያዎችም አብረው ይሻሻላሉ። ሽራይን መሥራት፣ ልብ መጨመር፣ ሩቅ መሄድ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ መዋጋት የማይወድ ሰው ጦርነት እየሸሸ አገሩን ቢያስስ አይቀጣም።

«ሽራይን አንድ ትክክለኛ መልስ አለው»

አዘጋጆቹ በዚያው ዓመት አሜሪካ በተካሄደ ጉባኤ የጌሙን ሕግ በሦስት መስመር አስቀምጠውት ነበር፦ እንደ እሳት፣ ውኃና ኤሌክትሪክ ያለ ኃይል የዕቃን ሁኔታ ይቀይራል፤ ኃይል ሌላውን ኃይል ይቀይራል፤ ዕቃ ግን ዕቃን አይቀይርም። ሕጉ ለሁሉም ነገር እኩል ስለሚሠራ መልሱ የሚቆለፍ አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመር የተቋረጠበት ሽራይን ከገጠማችሁ የተዘጋጀውን የብረት ሣጥን መፈለግ ግዴታ አይደለም፤ የያዛችሁትን የብረት ሰይፍ ክፍተቱ ላይ ጣሉት፣ ያስተላልፋል። ሀቴኖ መንደር አጠገብ ያለው ማያም አጋና ሽራይን ኳስን በተጠማዘዘ ጠረጴዛ ላይ እንድታሽከረክሩ ይጠይቃል፤ ጠረጴዛውን ገልብጣችሁ በለስላሳው ጀርባው ብታንደረድሩት ያው መልስ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም።

«ማስተር ሶርድ ሳይኖረኝ ወደ ጋኖን መሄድ አልችልም»

ከአምባው ከወረዳችሁ የመጨረሻው ጠላት ጋኖን ወዳለበት ቤተ መንግሥት በቀጥታ መሄድ ትችላላችሁ፤ በፍጥነት የሚጫወቱ ሰዎች ጌሙን ከ25 ደቂቃ በታች ይጨርሱታል። ልዩነቱ እዚህ ነው፦ አራቱን ግዙፍ ማሽኖች፣ ዲቫይን ቢስት የሚባሉትን የእንስሳ ቅርጽ ያላቸውን የፈተና ቦታዎች፣ ካልሠራችሁ አራቱም የጋኖን ጭፍሮች በተከታታይ ይጠብቋችኋል፤ ሁሉንም ከሠራችሁ የጋኖን የጤና መጠን በግማሽ ተቀንሶ ይጀምራል። ማስተር ሶርድ የተባለውን ልዩ ሰይፍ ለመንቀል 13 ሙሉ ልብ ያስፈልጋል፣ በምግብ የሚጨመሩት ቢጫ ልቦች አይቆጠሩም። ልባችሁ አንሶ ጉልበት ላይ ካፈሰሳችሁት ሀቴኖ መንደር ውስጥ ያለው ቀንዳም ሐውልት በ20 ሩፒ (የጌሙ ገንዘብ) ኪሳራ ይለውጥላችኋል፤ በ100 ገዝቶ በ120 ይሸጣል።

«900ውን ኮሮክ ካላገኘሁ አልጨረስኩም»

ኮሮኮች በየቦታው የተደበቁ ትንንሽ ፍጡራን ናቸው፤ ያገኛቸው ሰው ከእያንዳንዱ አንድ ዘር ይቀበላል። ሁሉንም የሰበሰበ ሰው የሚያገኘው የሰገራ ክምር የመሰለ ወርቃማ ስጦታ ነው፤ ኃይል አይጨምርም። ዘሮቹ የሚያገለግሉት መያዣችሁን ለማስፋት ነው፤ ለዚያም 441 ይበቃሉ። የመጀመሪያው የመሣሪያ ቦታ 1 ዘር፣ ቀጣዮቹ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እና 12 ያስከፍላሉ፤ በ31 ዘር ስድስት ተጨማሪ መሣሪያ ትይዛላችሁ፣ ለአብዛኛው ተጫዋች ትልቁ ለውጥ ያ ነው። የቀሩት 459 የተቀመጡት ማንም በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ የሆነ ነገር እንዲያገኝ ነው። ከሩቅ ያያችሁት ሹል ጫፍ ላይ ጉልበታችሁ አልቆ በመጨረሻዋ እርምጃ ስትደርሱ አንዲት ድንጋይ ብቻዋን ተቀምጣ ታያላችሁ። አንሷት፤ ከሥሯ አንድ ትንሽ ኮሮክ እየሳቀ ይወጣል።