የመዳብ ቅርጽ ኅትመት ምንድን ነው?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የዘይት ቅብ ሥዕል የሀብታም ጌጥ ነበር። ነጋዴውና ባለሙያው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ወረቀት ነው፤ መዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል።

ብዙ ሰው ነገሩ እንደ ማኅተም ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ማኅተም ቀለም የሚይዘው ከፍ ብሎ በወጣው ክፍሉ ሲሆን፣ እዚህ ግን ቀለሙ የሚተኛው በጭረቱ ውስጥ ነው። ቀራጩ ሹል የብረት መቅረጫውን በመዳፉ እየገፋ መዳቡን ይሰረስራል፤ ጥላ ሲፈልግ መስመሮቹን ያቀራርባል፣ ያጠላልፋል። መስመሩ ሲጠመዘዝ የሚዞረው በአብዛኛው እጁ ሳይሆን በቆዳ ትራስ ላይ የተቀመጠው የመዳብ ሰሌዳ ነው። ከዚያ ሰሌዳው ወፍራም ቀለም ይቀባና ፊቱ ይጠረጋል። እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በሁለት ከባድ ተሽከርካሪ ምሰሶዎች መካከል ሲያልፍ፣ ወረቀቱ በጭረቱ የቀረውን ቀለም ስቦ ያወጣል። የሰሌዳው ጠርዝም ወረቀቱን ዙሪያውን ያሰረጉደዋል፤ በጣት ሲዳስሱት ይታወቃል። ሥዕሉ ግን እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ ይወጣል፤ ቀራጩ ካልተጠነቀቀ ቀኝ እጁ ግራ ይሆንበታል።

እንግሊዛዊው ሠዓሊና ቀራጭ ዊልያም ሆጋርት በልጅነቱ ከብር ዕቃ ቀራጭ ዘንድ ሙያ የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1732 ከገጠር ወደ ለንደን መጥታ ሴተኛ አዳሪ የሆነችን ልጅ ታሪክ በስድስት ሥዕሎች አሳትሞ ስድስቱን በ1 ጊኒ፣ ማለትም በ21 ሽልንግ ሸጠ። ከ1,200 በላይ ሰው ቀድሞ ተመዝግቦ ገዛው። ቀጣፊዎችም ወዲያው ገልብጠው በርካሽ ቸበቸቡት። ሆጋርትና ባልደረቦቹ ለፓርላማው አቤት ብለው፣ በ1735 ለቀራጮች የ14 ዓመት የኅትመት መብት የሚሰጥ ሕግ ወጣ። እርሱም አዲሱን ሥራውን ሕጉ እስከሚጸናበት እስከ ጁን 25 አቆየው። ሌቦቹ ግን መች ተኙ! ሥዕል ተመልካች መስለው ቤቱ ሰው ላኩ፤ የተላከው ያየውን በአእምሮው ይዞ ወጣ፤ ከትዝታ የተቀረጸው ቅጂም ከዋናው ቀድሞ ገበያ ገባ። ድፍረታቸው ያስቃል።

በ1751 ጂን የተባለውን መጠጥ ጥፋት ያሳየበትን ሥዕል በ1 ሽልንግ ሸጠ። ለቀን ሠራተኛ ይህም ቢሆን ቀላል ገንዘብ አልነበረም። የሌለው የኅትመት ሱቅ መስኮት ላይ ተደግፎ በነጻ ያያል፤ የለንደን ሱቆች መስኮት የድሃው ኤግዚቢሽን ነበር።

ሆጋርት በ1764 ሲሞት ሰሌዳዎቹ ለሚስቱ ለጄን ቀሩ። በ1767 ፓርላማው ለእርሷ ብቻ የ20 ዓመት የኅትመት መብት ጨመረላት፤ እርሷም የባሏን ሥራ እያሳተመች መሸጧን ቀጠለች።