«የቫይረሱ ጂኖም ተነበበ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጂኖም ማለት የቫይረሱ ሙሉ የዘር መረጃ ነው። ብዙ ሰው «ተነበበ» ሲባል ሲሰማ በሽታው ተመረመረ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ተራ ምርመራ የሚነግረን ታማሚው ዴንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ) አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ነው። ጂኖም ማንበብ ግን ይሄ ዴንጊ ከየት መጣ፣ ከየትኛውስ ጋር ይዛመዳል ለሚለው ነው።

የዴንጊ ጂኖም ወደ 10,700 ገደማ «ፊደላት» አሉት። ቫይረሱ በሰውና በትንኝ ሰውነት ውስጥ ራሱን ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል። በእጅ የሚገለበጥ መጽሐፍ አስቡ፤ አንዱ ገልባጭ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ከእሱ ቅጂ የገለበጡት ሁሉ ያችኑ ስህተት ይዘው ይሄዳሉ። ሁለት ታማሚዎች ላይ ተመሳሳይ ስህተቶች ከተገኙ እንግዲህ ቫይረሶቹ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

ስህተቱ የሚጠራቀምበት ፍጥነት በግምት ስለሚታወቅ ጊዜም ይቆጠርበታል። ብራዚል ውስጥ ዚካ (ይሄም በትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው) መኖሩ የተረጋገጠው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጂኖሞቹ ሲነጻጸሩ ግን ቫይረሱ ከዚያ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ማንም ሳያውቀው ሲዛመት ቆይቷል። በጣም ያሳዝናል፣ ያን ሁሉ ጊዜ! በ2016 ፍሎሪዳ ላይ ደግሞ ዚካ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ እንደገባ፣ በአብዛኛውም ከካሪቢያን እንደመጣ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው።

«ሚውቴሽን (ማለትም እንዲህ ያለ የፊደል ለውጥ) ተገኘ» ሲባል ግን አትደንግጡ፤ ቫይረሱ የባሰ አደገኛ ሆነ ማለት አይደለም፣ አብዛኛው ለውጥ ባህሪውን አይቀይረውም። ደግሞም ጂኖም ብቻውን ማን ከማን እንደያዘው አይናገርም። መሃል ላይ ትንኟ አለች፣ ናሙና ያልሰጡ ብዙ ሰዎችም አሉ።