የወር የሙዚቃ ስብስብ፦ የአንድ ወሎዬ ሮክ አድማጭ ልማድ

የወር የሙዚቃ ስብስብ አንድ አድማጭ በወሩ ውስጥ ደጋግሞ የሰማቸውን፣ አዲስ ያገኛቸውንና ሊለያቸው ያልፈለገውን ዘፈኖች መርጦ በቅደም ተከተል የሚያኖርበት የግል መዝገብ ነው። ብዙ ወጣቶች ፕሌይሊስት ይሉታል። ለገበያ አይቀርብም፣ የሬዲዮ ፕሮግራምም አይደለም፤ ይበልጥ የሚቀርበው ለዕለት ማስታወሻ ነው። ከዓመታት በኋላ የአንድን ወር ዝርዝር የከፈተ ሰው በዚያ ወር ምን ያስጨንቀው፣ ምን ያስደስተው እንደነበር ከዘፈኖቹ ይሰማል። ይህ ዳሰሳ ልማዱን የሚያየው ደሴ ላይ ሆኜ ሮክ ከማዳምጠው ከእኔ አንጻር ነው። ወሎና ሮክ የማይገናኙ ለሚመስለው አንባቢ ከቅኝት መጀመር ይሻላል።

ቅኝት ዜማ የሚሠራበት የድምፆች ስብስብ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች መካከል ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ ከተማ በስተሰሜን የሚገኝ ተራራማ አገር ነው። ትዝታና አንቺ ሆዬ አራቱን ይሞላሉ። ባቲ ማይነር የሚባለው ቅኝት ድምፆች ዶ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶልና ግማሽ ዝቅ ያለ ሲ ናቸው። የብሉዝና የሮክ ጊታር ተማሪ ሶሎ ለመጫወት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠናው ባለ አምስት ድምፅ ስኬልም ይኸው ነው። በክራርና በማሲንቆ የሚጫወት ባለሙያ ክሩን የሚቃኘው በጆሮው ስለሆነ ድምፆቹ ከፒያኖ ጋር አንድ ለአንድ አይገጥሙም፤ አጥንቱ ግን አንድ ነው። ማሪቱ ለገሰ ባቲ ስትዘፍን እየሰማ ያደገ ጆሮ የሮክ ጊታር ሶሎ ሲደርሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ሮክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከብሉዝ፣ ከካንትሪና ከጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ተወለደ። በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ክብደት ጨመረ። ሌድ ዘፐሊን በ1968 ለንደን ላይ ተመሠረተ፤ የበርሚንግሃሙ ብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበሙን በ1970 አወጣ። የብላክ ሳባት ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቷል፤ ለተጎዱት ጣቶቹ እንዲቀልለው ክሮቹን ማላላቱ በኋላ ለቡድኑ ያን የታወቀ ጨለማና ክብደት ሰጠው። በቡድኑ ስም የተጠራው የአልበሙ መክፈቻ ዘፈን የቆመው ከዶ እስከ ግማሽ ዝቅ ያለ ሶል ባለው ርቀት ላይ ነው። የምዕራባውያን የሙዚቃ ትምህርት ይህን ርቀት ለረጅም ዘመን እንደ ሻካራና እንደሚያስፈራ ድምፅ ቆጥሮታል። በእኛ አንቺ ሆዬ ውስጥ ግን ያው ርቀት ተቀምጧል፤ ሰርግ ላይ ይዘፈንበታል፣ እስክስታ ይወረድበታል። አምባሰልም ከመነሻው ድምፅ ግማሽ ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ የሄቪ ሜታል ጊታር ተጫዋቾች አጥብቀው የሚወዱት እርምጃ ነው። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። የወር ዝርዝሮቼን ጎን ለጎን ሳስተያይ ከወር ወደ ወር ሳይወጡ የሚሻገሩት ዘፈኖች በአብዛኛው ከባቲ ወይም ከአምባሰል የሚቀራረቡ ሆነው አገኘኋቸው።

ሰዎች ሮክን «ጩኸት ነው» የሚሉት ስለ ጊታሩ ሻካራ ድምፅ ነው። ድምፁ የሚሻክረው ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲገፋ፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ ሲያልፍ ነው። በገና ላይ እንዚራ የምንለው ቁራጭ ቆዳ በክሩና በመወጠሪያው መካከል ሲገባ ድምፁን እንዲህ ያንዘረዝረዋል፤ አሥሩ የበገና ክሮች ያለ እንዚራ ቢመቱ ያ ግርማ አይኖራቸውም። ሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ ለምስጋና፣ ሌላው ለመድረክ የተሠሩ ቢሆኑም፣ የጠራ ድምፅ ብቻውን እንደማይበቃ ሁለቱም ያውቃሉ።

በአገራችን ሮክን ከቅኝት ጋር በግልጽ ያጋባው ጃኖ ባንድ ነው። የመጀመሪያ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት የወጣ ሲሆን፣ አልበሙ ስሙን የወሰደው በጎረቤታችን አፋር ከሚገኘው ከኤርታሌ እሳተ ገሞራ ነው። ሮክ ሰምቶ የማያውቅ የወሎ ሰው ከየት ልጀምር ቢለኝ ከዚህ እላለሁ።

የዝርዝሩ አሠራር እንደ ሰው ጠባይ ይለያያል። እኔ ከ15 እስከ 18 ዘፈን እይዛለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ምርጫነቱ ይቀርና ክምችት ይሆናል። የአንድ ባንድ ሁለት ዘፈን አላከታትልም። በደብተር ላይ ከእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ ማን እንደጠቆመኝና የት እንደሰማሁት እጽፋለሁ። ቅደም ተከተሉን የተዋስኩት ከቡና ነው። አቦል ላይ የወሩን ኃይለኛ ዘፈኖች አስቀምጣለሁ። ቶና ላይ ገና ያልለመድኳቸው አዳዲሶቹ ይገባሉ። በረካ ላይ ረጃጅሞቹና ዝግ ያሉት፣ ስኒ ተለቅሞ ከሰሉ ሲከስም የሚሰሙት ናቸው። አንድ ጊዜ ወሩ ካለቀ ዝርዝሩ አይነካም፤ ዛሬ የማፍርበት ዘፈን እንኳ ቢኖር ያኔ የወደድኩት እኔ ነኝና ይቆያል።

ወራቱ ራሳቸው ምርጫውን ይቀርጹታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናት። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጅ ይቆማል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በዚያ ድምፅ መሐል ለስላሳ ጊታር አይሰማም፤ የክረምት ዝርዝሮቼ ከበሮ የሚበዛባቸው ለዚህ ነው። መስከረም ሲጠባ ዘፈኖቹም ይፍታታሉ። ጾም ሲገባ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በዐቢይ ጾም ብዙ ክርስቲያን አድማጮች ዘፈን ትተው ወደ መዝሙርና ወደ በገና ይመለሳሉ፤ በረመዳን ሙስሊም ጓደኞቻችን መንዙማና ነሺዳ ያዳምጣሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ በዝርዝር ደብተራቸው ውስጥ ዝም ያለው ወር ቦታ ይለዋውጣል። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በየካቲት በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ በሚኖሩበት በወሎ ያን ሰሞን የጎረቤት ድምፅ ማጉያ እንኳ ቀዝቅዞ ነበር። የእኔ የመጋቢት ገጽ ባዶ ነው፤ ባዶነቱንም እንደ አንድ ዝርዝር እቆጥረዋለሁ።

ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ካሴት በነበረበት ዘመን ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ የሚወዳቸውን ዘፈኖች ያስቀዳ ነበር። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በአንድ ፊት 30 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ምርጫው በግድ ይጠብቃል። ከዚያ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ ላይ ማስጫን መጣ፤ አሁን ቴሌግራምና ዩቲዩብ አሉ። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሙዚቃውን በኢንተርኔት ብቻ ያኖረ ሰው ዝርዝሩ ከእጁ ወጣ። ሚሞሪ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ያቆየ ግን ለጓደኞቹ ሁሉ አካፈለ። ከዚያ ወዲህ የወር ስብስቤን በሁለት ቦታ ገልብጬ አስቀምጣለሁ፤ ለማንኛውም አድማጭ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ሮክ ጮክ ተደርጎ እንዲሰማ የተሠራ ነው፣ ጆሮ ግን አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ገደብ 80 ዴሲቤል ለሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከዚያ ከፍ ካለ ሰዓቱ በፍጥነት ማጠር አለበት። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ የሞተሩን ድምፅ ለመሸፈን ማዳመጫውን እስከ መጨረሻው መክፈት ያጓጓል። ያን መንገድ መስኮት እያዩ ያለ ሙዚቃ መጓዝ ይሻላል።

የእኛ አቆጣጠር 13 ወር ስላለው ዝርዝሩም 13 ነው። ለጳጉሜ አምስት ዘፈን ብቻ ይመደባል፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ሲሆን ስድስት። አምስቱን የምመርጠው ከ12ቱ ወራት ዝርዝሮች ነው፣ አዲስ ዘፈን አይገባም። ሥራው ከሁሉም ይከብዳል፤ ሁለት መቶ ከሚጠጉ ዘፈኖች ውስጥ አምስት ማስቀረት ብዙ ማታ ይፈጃል። አራቱ ሁልጊዜ ሮክ ናቸው። አምስተኛው በክራር ብቻ የታጀበ ትዝታ ነው፤ በዋዜማው ማታ እናቴ ቄጤማ ስትጎዘጉዝ እከፍተዋለሁ፤ እሷም ከዓመቱ ዝርዝር ሁሉ አብራኝ የምታዜመው ይህን ነው።