ለእናቴ ጉልበት የላክሁት ብልቃጥ

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ ለእናት የተገዛ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚዋጥ የግሉኮሳሚን ሰፕሊመንት ብልቃጥ አይጠፋም። እኔም ልኬያለሁ። ግን ስለ እነዚህ ሰፕሊመንቶች ከምንባባለው ብዙው ልክ አይደለም።

«ያለቀውን ጉልበት መልሶ ይተካል።» አይተካም፤ ሕመሙን እንኳ ይህን ያህል አይቀንስም። በ2006 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው 1,583 ሰዎች ተከፋፍለው አንዳንዶቹ ግሉኮሳሚን፣ ሌሎቹ ኮንድሮይቲን የሚባለውን ሌላ የመገጣጠሚያ ሰፕሊመንት ወይም ሁለቱን አንድ ላይ፣ ሌሎቹ ማስታገሻ፣ የቀሩት ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ለ24 ሳምንት ወሰዱ። ባዶውን ከዋጡት 60 በመቶ ያህሉ ሕመማቸው ቀለል አለላቸው። ግሉኮሳሚን የወሰዱት ከእነሱ ይህን ያህል አልተሻሉም። ጎረቤታችሁ «እኔን አድኖኛል» ስትል እየዋሸች አይደለም፤ የጉልበት ሕመም አንድ ሰሞን ይጠናል፣ አንድ ሰሞን ይለቃል፣ በለቀቀበት ሰሞን የተዋጠው ነገር ያዳነ ይመስላል።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም።» እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ግሉኮሳሚን ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት ስለሆነ አለርጂ ያለበት ሰው መጠንቀቅ አለበት፤ እናቴ ደግሞ ይህን ብትሰማ ኖሮ አፏም አታስገባውም ነበር። የእርድ እንክብል ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች አሉ፤ ወጥ ውስጥ የምንጨምረውን ማለቴ አይደለም። በ2022 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ አርትሪ ኪንግ በሚባለው ሰፕሊመንት ውስጥ ላዩ ላይ ያልተጻፉ ሁለት መድኃኒቶች፣ ማስታገሻው ዳይክሎፌናክና ስቴሮይዱ ዴክሳሜታሶን፣ ማግኘቱን አስጠንቅቋል። «ባንዴ አሻለኝ» የሚባልለት ብልቃጥ ሲገጥማችሁ ይህን አስቡ። የሚወስደው ሰው ካለም ሐኪም ሳያማክር በድንገት አያቁም፣ ዴክሳሜታሶንን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ራሱ አደገኛ ነው።

«ሪህም ቁርጥማትም ያው ብርድ ነው።» አይደለም። ሌሊት በድንገት የእግር አውራ ጣት አብጦ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያቃጥል ከሆነ፣ ደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚያመጣው ሪህ ሊሆን ይችላል። የሁለቱም እጅ ጣቶች አብጠው ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ካሉ ደግሞ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ፣ ሊሆን ይችላል። ለዚህኛው የዓሣ ዘይት ትንሽ ያግዛል፣ ግን እንደ ሜቶትሬክሴት ያለውን መድኃኒት አይተካም፤ ሰፕሊመንት እየሞከሩ ወራት ማሳለፍ መገጣጠሚያውን ያስበላል።

«ያመመው ጉልበት ይረፍ።» እናቴም እንዲህ ብላ ከቤት መውጣት አቁማ ነበር። ለጉልበት ግን ጭኑን ማጠንከር ከብልቃጡ ይበልጣል። ክብደት ላለው ሰው ደግሞ የሚቀንሳት እያንዳንዷ ኪሎ በየእርምጃው ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ታነሳለታለች። አሁን እናቴ ጠዋት ጠዋት፣ ቡናው እስኪፈላ፣ እጇን ሳትደገፍ ከወንበር አሥር ጊዜ ትነሣለች። ስደውልላት ስንት እንደደረሰች እየቆጠረች ነው የምታነሣው።