የአዲስ አበባ ፍርድ ቤቶች፦ ከዛፍ ጥላ እስከ ልደታ

አዲስ አበባ ውስጥ «ነገ ልደታ ነኝ» ያለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም እንደማይሄድ ሰሚው ይገባዋል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በከተሜው አፍ ግን ልደታ ማለት ፍርድ ቤት ከሆነ ቆይቷል። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እዚያ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት አንዱ ምድብም እዚያው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ኪሎ ነው። ይህ ጽሑፍ ሥርዓቱ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ይዳስሳል።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ፍርድ ቤት የሚባል ሕንፃ አልነበረም። ዳኝነት ግን ሞልቶ ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ይላል። ያኔ ሌላው ይቆማል። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚባለው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ዳኛ አድርገው ዛፍ ሥር ያስቀምጡታል። እሱም ሰምቶ ይፈርዳል። ያልተስማማው ወደ ላይ ይላል፤ ወደ መንደሩ ጭቃ ሹም፣ ወደ ገዥው፣ «ወንበር» ወደሚባሉት ዳኞች፣ ወደ ዳኞቹ የበላይ አፈ ንጉሡ። በመጨረሻ ከንጉሡ ዘንድ ይደርሳል።

ሙግቱ በቃል ነበር፤ በላ ልበልሃ ይባላል። ተሟጋቹ ቆሞ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዱላውን ወደ ባላጋራው እየቀሰረ ይጀምራል፦ «በላ ልበልሃ! አልናገርም ሐሰቱን፣ ሁልጊዜ እውነት እውነቱን!» ቤት ያልመታ ንግግር ከወዲሁ ግማሹን ተረትቷል። ተመልካቹ ያጅባል፣ ይስቃል፣ ያደንቃል። ጉዳይ የሌለው ሁሉ ለመስማት ብቻ የሚመጣበት ችሎት ነበር። ሌላው መንገድ ተጠየቅ ልጠየቅ ነው፤ አንዱ ሌላውን በጥያቄ ጠምዝዞ ያስይዘዋል። ዛሬ መስቀለኛ ጥያቄ የምንለውን ያያችሁ ልዩነቱን ፍረዱ። ለእኔ የቀድሞው የበለጠ ጥርስ ነበረው።

በመሐል ውርርድ ይገባል። «ይህ ካልሆነ ማር ልስጥ፣ በቅሎ ልስጥ» ይባላል። የተረታው የተወራረደበትን ይከፍላል፤ ይህም ከዳኛው ገቢ አንዱ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውን ተረት ይህን እያሰብን ብንሰማው ይበልጥ ይጥማል። ሰውየው በቅሎ መክሰሩን ይቀበላል፤ ሳይፈረድበት የተወሰደች ቁራሽ ግን ታንገበግበዋለች።

ዋስ ያጣ ደግሞ ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይሄዳሉ። ከበድ ሲል በሰንሰለት ይታሰራሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የውጭ አገር ተጓዦች ገርሟቸው ጽፈውታል፤ በሥዕልም በፎቶም አስቀርተውታል። ባለዕዳውና አበዳሪው በአንድ ሰንሰለት የአዲስ አበባን ዳገት ሲወጡ አስቡት። ዛሬም «የቁራኛ እስረኛ» ስንል የምንናገረው ይህንኑ ነው።

ሌብነት ሲሆን ሌባሻይ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ይሄድና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ የሚያኮራ ታሪክ አይደለም፤ በኋላ ተከለከለ። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ደግሞ የመንደሩን ሰው ሁሉ ሰብስቦ ወንጀለኛውን ማውጣት ነው። እስኪገኝ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም።

የተጻፈው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው ነው፤ በኋላ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው ይባላል። በየዛፉ ሥር የተቀመጠው ዳኛ ግን ይህን መጽሐፍ ገልጦ ይፈርድ ነበር ማለት ይከብዳል። ሊቃውንቱ የሚጠሩት ለከባድ ጉዳይ፣ በተለይም በንጉሡ ችሎት ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴሩን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ አገሩ ለዳኝነት በስድስት ተከፈለ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ወንበር ተመደበ፤ በድምሩ አሥራ ሁለት ማለት ነው። ልብ በሉ፣ «ወንበር» የዳኛው ማዕረግ ነው እንጂ የሚቀመጥበት ዕቃ ብቻ አይደለም። በጥር 1900 ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል ደግሞ የውጭ ሰውና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ቆንስሉ ከኢትዮጵያዊው ዳኛ ጎን መቀመጥ ጀመረ። በራስ መዲና በሌላ አገር ሹም መዳኘት ለብዙዎች የሚቆጠቁጥ ነገር ነበር፤ መቆጥቆጡም ተገቢ ነበር።

በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጣሊያን ገባ።

ትልቁ ለውጥ 1934 ዓ.ም. ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ መውጣት ጀመረ። ገና በሁለተኛው አዋጅ የፍርድ አስተዳደር ተደነገገ። በአንድ አገር አዋጅ ሲቆጠር ቁጥር 2 ስለ ፍርድ ቤት መሆኑ ራሱ ይናገራል። ከላይ ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ሆነ፤ ፕሬዚዳንቱ አፈ ንጉሡ ናቸው። ከሥሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የጠቅላይ ግዛት፣ የአውራጃና የወረዳ ፍርድ ቤቶች ተደረደሩ። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንግሊዛውያን ዳኞች ተቀመጡ። የቆንስሉ ነገር ግን በዚሁ አበቃ።

ከአምስት ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 90 የአጥቢያ ዳኛ መጣ። በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በወንጀል እስከ 15 ብር መቀጮ ያያል። ዋና ሥራው ማስታረቅ ነበር። ያም ሆኖ ክፍተቱ ግልጽ ነው። ክፍለ ሀገር ላይ አስተዳዳሪውና የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር። አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ትሻል ነበር ብል አድሎ አይመስለኝም፤ ሕግ የተማሩት ዳኞች የተሰበሰቡት እዚሁ ነበርና።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ዙፋን ችሎት አለ። በፍርድ ቤቶቹ ያልረካ ሰው አቤቱታውን ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀርባል። ደፋሩ ወረቀቱን ይዞ የጃንሆይ መኪና ፊት ይደፋል። መኪናው ይቆማል፤ ወረቀቱ ይወሰዳል። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ሕዝብ ንጉሡን ራሱን ዳኛ ማድረጉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም ለባለጉዳዩ ግን የመጨረሻ ተስፋው ነበር።

ሕጎቹም ተከታተሉ። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. ወጡ። የወንጀሉን የስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን የፈረንሳዩ ሬኔ ዳቪድ አረቀቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3347 በሕጉ በተሸፈነው ጉዳይ ሁሉ የቀድሞውን ልማድ ሻረ። በላ ልበልሃ ያኔ ከችሎት ወጣ። ክርክሩ በጽሑፍ ሆነ፤ ማመልከቻ ጸሐፊም የጽሕፈት መኪናውን ይዞ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀመጠ። ዛሬ ጃንጥላው አለ፤ መኪናው ግን በላፕቶፕ ተተክቷል። «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ብሎ ሲጀምር ጣቱ ሳያስብ ይሄዳል።

በደርግ ዘመን ልዩ የጦር ፍርድ ቤት መጣ፤ በየቀበሌውም የፍርድ ሸንጎ ተቋቋመ። መደበኛው ፍርድ ቤት ሥራውን ቀጠለ፤ ከባዱ ጉዳይ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ያልቅ ነበር።

የዚያ ዘመን ባለሥልጣናት ራሳቸው የቀረቡበት ችሎት የተከፈተው ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ሙግቱ 12 ዓመት ፈጀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ፤ ጥር ላይ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ በሌሉበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። ግንቦት 18 ቀን 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ ወደ ሞት ቀየረው። ጉዳዩ «ዘር ማጥፋት» መባሉ ዛሬም ያከራክራል፤ ምክንያቱም የ1949ኙ ሕግ የፖለቲካ ቡድንን ጭምር ይጨምር ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ግን አይጨምርም።

አሁን ያለው መዋቅር የ1987ቱ ሕገ መንግሥትና የአዋጅ ቁጥር 25/1988 ውጤት ነው፦ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። በአዋጅ 454/1997 ደግሞ በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ ተደረገ። ጠበቃ ሁሉ የሰበር ውሳኔዎችን ቅጽ ተሸክሞ የሚዞረው ከዚያ ወዲህ ነው። በጥቅምት 2011 ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በጥር 2015 ለቀቁ። አዋጅ 1234/2013 በእሳቸው ጊዜ የወጣ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ክስ እንዲያይ ፈቀደ።

አዲስ ባለጉዳይን የሚያደናግረው አንድ ነገር አለ። ከፌዴራሎቹ ሌላ የከተማዋ የራሷ ፍርድ ቤቶች አሉ። የወራሽነት ማረጋገጫና የቀበሌ ቤት ጉዳይ የእነሱ ነው። ሰው ግን ልደታን ስለለመደ መጀመሪያ እዚያ ይሄዳል። መዝገብ ቤት ወረፋ ይዞ፣ ደርሶት፣ «ይሄ የኛ አይደለም» ይባልና ይመለሳል።

ያው አዋጅ 1234/2013 ፍርድ ቤት መር ማስማማትንም አመጣ። ተከራካሪዎቹ ከችሎት በፊት ከአስማሚ ጋር ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ከተስማሙ ስምምነቱ በፍርድ ቤቱ ይጸድቃል፤ ካልተስማሙ መዝገቡ ወደ ችሎት ይመለስና ቀጠሮ ይያዝለታል።